ሊኑክስ ከመጫናችሁ በፊት የአማርኛ ፋይሎቻችሁን ክፈቷቸው

አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው ወደ ሊኑክስ፣ በዊንዶውስ ምትክ ኮምፒውተሩን ወደሚያሠራው ሲስተም፣ ለመዞር ያሰቡ ሰዎች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ከሊኑክስ ዓይነቶች «ኡቡንቱ ይሻላል ሚንት?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ «ቤት ውስጥ ማን ምን ይሠራበታል?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ሊኑክስ ጭነው ብዙም ሳይቆዩ ወደ ዊንዶውስ የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ሲስተሙ ራሱ ከብዶት የተመለሰ ግን እምብዛም አላየሁም። አብዛኞቹን ያስመለሳቸው አማርኛ መጻፍ አለመቻላቸው ነው፤ ወይም የድሮ ደብዳቤያቸው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ መገኘቱ። ሁለቱም መፍትሔ አላቸው፤ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ደግሞ ምንም አያስቸግርም። እኛ ቤት እንዴት እንዳደረግነው ልንገራችሁ።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ፈተና፣ የትምህርት ዕቅድና የተማሪ ውጤት ነው የምሠራው። ባለቤቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ናት። ልጆቹ የትምህርት ቪዲዮ ያያሉ፣ የቤት ሥራ ይጽፋሉ። ሁላችንም የምንጠቀመው አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲሆን ራሙ 4 ጊጋባይት ነው። የነበረው ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን። የእኛ ስድስተኛ ትውልድ ነው። ማሽኑ ግን ደህና ነው፤ ኪቦርዱም ስክሪኑም ይሠራል። እንዲህ ያለ ዕቃ ለመጣል ልቤ አልፈቀደም።

የተለመደው መንገድ ጥገና ቤት ወስዶ «ፎርማት አድርጉልኝ» ማለት ነው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስና ኦፊስ ይጫናል፣ ለጊዜውም ይፈጥናል። ነገር ግን የእድሩን የአባላት ዝርዝርና የልጆቼን ፎቶ በያዘ ኮምፒውተር ላይ ማን ምን እንደጨመረበት የማይታወቅ ፕሮግራም እንዲቀመጥ አልፈልግም። ወደ ሊኑክስ የዞርኩበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ፍጥነቱ ተጨማሪ ነው።

ስለ ሊኑክስ ብዙ መተረክ አያስፈልግም። ከርነል የሚባለውን የሲስተሙን እምብርት ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በፈረንጆቹ 1991 ጀመረው። በዚያ ላይ ተመሥርተው ብዙ ሙሉ ሲስተሞች ተሠርተዋል፤ ኡቡንቱ በ2004፣ ከኡቡንቱ የተነሣው ሊኑክስ ሚንት በ2006 ወጡ። ኮዳቸው ክፍት ነው፤ መጠቀምም፣ አባዝቶ ለጎረቤት መስጠትም የተፈቀደ ነው። እኛ ሚንትን የመረጥነው ሜኑው ዊንዶውስ ላይ በለመድነው ቦታ፣ ከታች በግራ ጥግ ስላለ ነው። ሚንት ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ በሚባሉ ሦስት ገጽታዎች ይመጣል፤ ለ4 ጊጋባይት ራም ኤክስኤፍሲኢ ቀለል ይላል። ከዚህ በላይ ስለ ምርጫው አትጨነቁ።

ሊኑክስን ከመንካታችን በፊት እዚያው ዊንዶውስ ላይ ሊብሬኦፊስ (እንደ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ያለውን)፣ ፋየርፎክስ የሚባለውን ብራውዘር፣ ቪዲዮ ማጫወቻውን ቪኤልሲና ቴሌግራም ጫንን። አራቱም ሊኑክስ ላይ አሉ፤ አጠቃቀማቸውም ያው ነው። ባለቤቴ ለጥቂት ሳምንታት ቃለ ጉባኤዋን በሊብሬኦፊስ የጽሑፍ ፕሮግራም፣ በራይተር ጻፈች፤ እኔ የተማሪዎቼን ውጤት ወደ ሠንጠረዥ መሥሪያው፣ ወደ ካልክ አዛወርኩ። ኋላ ሲስተሙ ሲቀየር ለቤተሰቡ አዲስ የሆነበት የዴስክቶፑ መልክና የፎልደሮቹ ቦታ ብቻ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ራይተር ፋይል የሚያስቀምጠው ኦዲቲ በሚባል በራሱ ዓይነት ነው። ከመሥሪያ ቤት ወይም ከጓደኛ ጋር የምትለዋወጡ ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ሁልጊዜ በወርድ ዓይነት፣ በዶክኤክስ እንዲያስቀምጥ አድርጉት። በተለይ ፋይሉን በስልክ ለሚከፍት ሰው ይህ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ቀጥሎ ሳይጭኑ መሞከር ነው። የሚንት ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቤት በብራውዘር ከማውረድ በቶረንት ማውረድ ይሻላል፤ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል፣ ሲጨርስም ፋይሉ ሙሉ መሆኑን ራሱ ያረጋግጣል። እኔ በሌሊት ጥቅል ነው ያወረድኩት። የወረደውን ፋይል ኤቸር ወይም ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ፍላሽ ላይ መጻፍ ነው፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ አዘጋጁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የቡት ሜኑ፣ ከዲስክ ወይም ከፍላሽ እንዲነሣ የሚመረጥበት ዝርዝር፣ ቁልፍ ይጫናል፤ ብዙ ዴሎች ላይ ኤፍ12፣ ብዙ ኤችፒዎች ላይ ኤፍ9 ነው። ሚንት ዲስካችሁን ሳይነካ ከፍላሹ ይከፈታል። ከፍላሽ ሲሠራ ስለሚንቀራፈፍ በፍጥነቱ አትፍረዱበት። ማየት ያለባችሁ ድምፁ፣ ካሜራው፣ የስክሪኑ ብርሃን፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ መንቃቱን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋይፋዩን ነው። የእኛ ላይ ዋይፋዩ አልታየም። ስልኬን በቻርጀሩ ኬብል ሰክቼ የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ የሚያካፍለውን፣ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን ስከፍት ወዲያው ኢንተርኔት መጣ፤ በዚያው ድራይቨር ማኔጀር የሚባለውን ከፍቼ የዋይፋዩን ድራይቨር፣ ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ አወረድኩ። ይህች የስልክ ዘዴ ብዙ ሰው ከመንገድ እንዳይመለስ ታደርጋለች።

ሊብሬኦፊስ ፍላሹ ላይ አብሮ ስለሚመጣ የድሮ ፋይሎቻችንንም የከፈትነው በዚሁ ሙከራ ላይ ነው። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የተተየበ ነው። ሲከፈት «መተዳደሪያ ደንብ» ይል የነበረው ርእስ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና ልዩ ልዩ ምልክት የተደባለቀበት መስመር ሆኖ ወጣ፤ ከሥሩ ያሉት አንቀጾችም እንደዚያው። ባለቤቴ ፋይሉ የተበላሸ መስሏት ደነገጠች። ፋይሉ ደህና ነው። ላይ ባለው የፎንት ሳጥን ውስጥ የፎንቱ ስም ዘንበል ብሎ ተጽፏል፤ ራይተር የፎንት ስም ሲያዘነብል ያ ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ የለም ማለቱ ነው። የተጻፈው የቪዥዋል ግዕዝ፣ የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር፣ ፎንት ስም ነበር።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ኮድ የሚሰጥ የጋራ ስምምነት ነው፤ ፊደላችን እዚያ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999፣ በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት ለላቲን ፊደላትና ለምልክቶች በተመደበው ቦታ ላይ ነበር። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው በእውነትም የላቲን ኮድ ነው፤ ስክሪኑ ላይ «መ» አድርጎ የሚስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲጎድል ከሥር ያለው ኮድ ብቅ ይላል። ይህ የሊኑክስ ጉዳይ አይደለም፤ ፎንቱ የሌለው ዊንዶውስ ላይም እንደዚሁ ይሆናል።

መፍትሔው አጭር ነው። ዊንዶውሱ ካለበት ድራይቭ ሲ ላይ፣ ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚል አለ። ከዚያ የአማርኛ ፎንቶቹን ወደ ፍላሽ ቅዱ። ሊኑክስ ላይ የፎንቱን ፋይል ሁለቴ ስትጫኑት ፎንቱን ከፍቶ ያሳያችኋል፣ ኢንስቶል የሚል ቁልፍም አለው። ራይተርን ዘግተን ስንከፍተው ደንቡ ከነአንቀጹ ተስተካክሎ መጣ። ዲስካችሁን ከማጥፋታችሁ በፊት እነዚህን ፎንቶች መቅዳት እንዳትረሱ፤ አንዳንዶቹን በኋላ ከኢንተርኔት ማግኘት ይቸግራል።

ፎንቱ መገኘቱ ለማንበብና ለማተም ይበቃል። ለመፈለግ ግን አይበቃም። ፍለጋው ላይ «መዋጮ» ብላችሁ ብትጽፉ ቃሉ ገጹ ላይ በዓይናችሁ እየታያችሁ ኮምፒውተሩ አያገኘውም። ገልብጣችሁ ቴሌግራም ላይ ብትለጥፉትም የሚሄዱት እነዚያ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ዘወትር የምንሠራባቸውን፣ ደንቡንና የአባላት ዝርዝሩን፣ በዩኒኮድ እንደገና ተየብናቸው። የቀሩትን የቆዩ ደብዳቤዎች ፒዲኤፍ አድርገን አስቀመጥን፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ስለሚይዝ የትም ቢከፈት ይነበባል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ምሽት ምሽት እየተፈራረቅን ነው የጨረስነው። ይሁን እንጂ ዊንዶውስ ላይ ለመቅረት የወሰነ ሰው እንኳ ይህን ቢሠራው እመክራለሁ። የእድር፣ የማኅበር፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ መዝገብ በየቤቱ በእነዚህ ፎንቶች ታስሮ ተቀምጧል፤ የሚያነበው ኮምፒውተር በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

በዩኒኮድ የተጻፉት፣ ለምሳሌ የእኔ ፈተናዎች፣ ያለ ችግር ተነበቡ። የተለወጠው የገጽ አቀማመጣቸው ነው። የተጻፉት ዊንዶውስ ላይ በሚገኘው በኒያላ ፎንት ስለነበር ሊኑክስ በሌላ ፎንት ተካው፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ ሁለት ገጽ የነበረው ፈተና ሦስተኛ ገጽ ላይ ፈሰሰ። አሁን የምጽፈው በአቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም በኖቶ ሰንስ ኢትዮፒክ ነው፤ ሁለቱም በነጻ የሚገኙ፣ ዊንዶውስ ላይም የሚጫኑ ናቸው። ለማባዣ የሚሄደውን ምንጊዜም ፒዲኤፍ አድርጌ ነው የምልከው።

ወደ መጻፉ ስንመጣ፣ ሚንት ሴቲንግ ውስጥ ኢንፑት ሜተድ የሚል ቦታ አለ። እዚያ አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ትመርጣላችሁ፣ ኤም17ኤን የተባለውን ጥቅል ትጭናላችሁ፣ ወጥታችሁ ስትገቡ ከአይባስ ዝርዝር አማርኛ፣ ሴራ የሚለውን ትጨምራላችሁ። የኪቦርድ ሌይአውት ዝርዝር ውስጥም ለብቻው «አማርኛ» የሚል ታገኛላችሁ፤ እሱ ሌላ ነው። ብዙ ሰው እሱን መርጦ ነው አማርኛ አልሠራ አለኝ የሚለው።

የሴራ አጻጻፍ በድምፅ ነው። ኤልን ስትጫኑ «ል» ይወጣል፤ ኤ ስትጨምሩበት «ላ»፣ ዩ ከሆነ «ሉ»፣ ኦ ከሆነ «ሎ» ይሆናል። ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያሉ፤ ትንሹ ቲ «ት»፣ ትልቁ «ጥ» ነው፤ ትንሹ ሲ «ች»፣ ትልቁ «ጭ»፤ ትንሹ ኤን «ን»፣ ትልቁ «ኝ»። «ሽ» ያለው ኤክስ ላይ ነው። ሐመሩ «ሐ» በትልቁ ኤች ይጻፋል፤ ንጉሡ «ሠ» እና ፀሐዩ «ፀ» ደግሞ ከቁጥር 1 በስተግራ ያለችውን ትንሽ ሰረዝ አስቀድሞ በመጫን ይመጣሉ። ባለቤቴ የፊደሎቹን ሰንጠረዥ አንድ ገጽ አትማ ከስክሪኑ ጎን ለጥፋው ነበር፤ አሁን ሳታይ ትጽፋለች። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚቀየረው የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር በመጫን ነው። ኪይማን የሚባለውን ሌላ የመጻፊያ ፕሮግራም ስልክ ወይም ዊንዶውስ ላይ የለመደ ሰው ሊኑክስ ላይም ስለሚያገኘው አዲስ መልመድ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ከተሳካ በኋላ ነው መጫን። አስፈላጊ ፋይሎቻችሁን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ቅዱ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጀምሩ፤ ዲስኩን እየከፋፈለ ሳለ መብራት ቢሄድ የዲስኩ ይዘት ሊበላሽ ይችላል። ዲስካችሁ ሰፊ ከሆነ ዊንዶውስን ሳታጠፉ ሊኑክስን ከጎኑ መጫን ይቻላል፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት እኔ የምመርጠው ይህን ነው። እንዲህ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን አጥፉ። አለዚያ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሊኑክስ የዚያን ዲስክ ፋይሎች ለማንበብ ብቻ ይከፍታቸዋል፤ ልታስተካክሉ ስትሉ እንቢ ይላል። ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር የበራበት ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ መክፈቻ ቁልፉን አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ሁለቱን ሲስተም ጎን ለጎን የጫነ ሰው ሰዓቱ ሲዛባ ይገርመዋል። ሊኑክስ ተጠቅማችሁ ወደ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ ልክ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። የተበላሸ ነገር የለም። ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት እንደ አካባቢው ሰዓት ያነባል፤ ሊኑክስ ግን እንደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዘዋል፣ እኛ ደግሞ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ሊኑክሱን የአካባቢ ሰዓት እንዲጠቀም ማዘዝ ይቻላል፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ቀኑም ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስባችሁ ከሆነና ብራውዘሩ ድረ ገጽ ሁሉ አደገኛ ነው የሚላችሁ ከሆነ ግን የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ አልቋል ማለት ነው። ብዙ ማሽኖች ላይ ሲአር2032 የሚባለው ክብ ባትሪ ነው፤ ዋጋውም ቀላል ነው።

የፍላሽ ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ማተሚያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ መምጣቱ የታወቀ ነው፤ ፎልደሮቹ ይጠፉና በቦታቸው ሾርትከት ይቀራል። ሊኑክስ ላይ ስትሰኩት የተደበቁት ፎልደሮች በግልጽ ይታያሉ፤ አንዳንዴ ስም የለሽ በሆነ አንድ ፎልደር ውስጥ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ። ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስም እንዲያው ፍላሹን በመክፈት ብቻ ሊኑክስ ላይ አይነሣም። ፋይሎቻችሁን አውጡ፣ ሾርትከቶቹንና የማታውቋቸውን ስክሪፕቶች አጥፉ። ሳታጸዱ ለሌላ ሰው ከሰጣችሁ ግን ቫይረሱ እናንተን ሳይነካ ወደዚያ ሰው ኮምፒውተር ያልፋል፤ ስለዚህ ማጽዳቱን እንደ ግዴታ ያዙት።

መልመዱን በተመለከተ፣ ልጆቹ ከእኛ ቀድመው ነው የለመዱት። ፕሮግራም የሚጫነው ስልክ ላይ እንደለመዱት ሁሉ ሶፍትዌር ማኔጀር ከሚባል ቦታ ስለሆነ አልተቸገሩም። ተርሚናል የሚባለው ጥቁር መስኮት ብዙ አዋቂዎችን ያስፈራል፤ የቤት ሥራ ለመሥራት ግን አያስፈልግም። ከገባችሁበት ሁለት ነገር እወቁ። የይለፍ ቃል ስትጽፉ በነጥብም በኮከብም ላይታይ ይችላል፤ ቢሆንም እየተጻፈ ነው፣ ጨርሳችሁ ኢንተር በሉ። ሁለተኛ፣ ሱዶ በሚል ቃል የሚጀምር ትእዛዝ ሲስተሙን የመቀየር ሙሉ ሥልጣን ይሰጣል፤ ምን እንደሚሠራ ሳትረዱ ከኢንተርኔት ቀድታችሁ አትለጥፉ። ትእዛዙን መጀመሪያ ቃል በቃል አንብቡ፤ ምን እንደሆነ የማታውቁትን ቃል ፈልጉ፣ ከዚያ ወስኑ። እኔ ተርሚናሉን የተማርኩት በዚህ መንገድ ነው፤ ዛሬም የማደርገው ይህንኑ ነው። የሲስተሙን ሜኑ ወደ አማርኛ መቀየርም ይቻላል፤ ትርጉሙ የተሟላ ስላልሆነ አማርኛና እንግሊዝኛ ተደባልቆ ይመጣል። እኛ በእንግሊዝኛ ተውነው።

አፕዴት ዳታ ይበላል። አፕዴት ማኔጀሩ የእያንዳንዱን መጠን ስለሚያሳያችሁ ርካሽ ጥቅል ባላችሁ ሰዓት አድርጉት፤ ጨርሶ መተው ግን አይገባም። ከዚያ በፊት ታይምሺፍት በሚባለው የሲስተሙን ቅጂ ያዙ፤ አፕዴቱ አንድ ነገር ቢያናጋ ወደ ነበረበት ትመልሱበታላችሁ። የ4 ጊጋባይት ራም ነገር ደግሞ ሳይደበቅ ይነገር። ሚንት ራሱ ቀላል ነው፤ ብራውዘር ላይ ብዙ ታብ ሲከፈት ግን ይኸው ላፕቶፕ ሃንግ ያደርጋል። ገንዘብ ካለ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ መቀየር ከማንኛውም ሲስተም ለውጥ በላይ ይታያል።

በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ፣ በአውቶካድ ወይም በፎቶሾፕ እንጀራውን የሚበላ ሰው ዊንዶውሱን ባያጠፋ እመክራለሁ፤ እነዚህ ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሠሩም። ፕሪንተር ያላችሁ ደግሞ በፍላሹ ሙከራ ጊዜ አንድ ገጽ አትማችሁ እዩ፤ ብዙዎቹ እንደሰካችኋቸው ይሠራሉ፣ አንዳንድ ሌዘር ፕሪንተሮች ግን የራሳቸውን ድራይቨር ይፈልጋሉ።

ጭናችሁ ከጨረሳችሁ በኋላም የሚንቱን ፍላሽ ለሌላ ሥራ አታውሉት። የጎረቤት ወይም የዘመድ ዊንዶውስ አልነሣ ሲል፣ ዲስኩ ራሱ ካልሞተና በቢትሎከር ካልተቆለፈ፣ ከዚያው ፍላሽ አስነሥታችሁ ፎቶውንና ሰነዱን ማውጣት ትችላላችሁ። ጥገና ቤት ሄዶ «ፎርማት አድርጉልኝ» ከመባሉ በፊት ይህን አድርጉላቸው።